የድንቢጥ ጥርስ የት ገባ?

ጥርሱን ሰብሮ እውነቱን የተናገረ ልጅ እስካሁን አልተወለደም። አጥሩ መታኝ ይላል። ደረጃው ነው ይላል። ኳሷ ናት፣ ነፋሱ ነው፣ ማንም ያላያት ድመት ናት። ከንፈሩ አብጦ፣ ደሙ አገጩ ላይ ሳይደርቅ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ ጥፋቱን ግድግዳው ላይ ይለጥፋል። በአንድ መዋዕለ ሕፃናት ደግሞ ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ለግድግዳው ጥብቅና የቆሙ አንዲት ሞግዚት ነበሩ። ዘበኛው «እትዬ መርማሪ» የሚል ስም አወጣላቸው፤ ልጆቹም ወላጆቹም ተቀበሉት፤ አሁን ደብዳቤ ሲጻፍላቸው ካልሆነ በቀር እውነተኛ ስማቸውን የሚያስታውስ የለም።

አጭር፣ ክብ፣ ሲነሡ ጉልበታቸው የሚንቋቋ ሴትዮ ናቸው። ልጅ ወድቆ አፉ ሲደማ ከሁሉም ቀድመው ይደርሳሉ። ያጥቡታል፣ ቀዝቃዛ እርጥብ ጨርቅ ከንፈሩ ላይ ይይዙለታል፣ «እኔን! እኔን ያድርገኝ!» እያሉ ያባብሉታል። ልቅሶው ጋብ ሲል ግን እናትነቱ ያበቃል። መነጽራቸውን ያደርጉና የወደቀበት ቦታ ሄደው በአራት እግራቸው ይሆናሉ።

«ነገሩን በልጁ ቁመት ካላየሽው ምንም አታዪም» ይሏቸዋል አዳዲስ ሞግዚቶችን።

ደግሞ ያዩ ነበር እኮ! አጥሩ መታኝ ያለው ልጅ የፕላስቲክ ኩባያው ጠርዝ ላይ የሁለት ጥርስ ምልክት ተገኘበት፤ ኩባያውን ነክሶ ሲሮጥ ነው በአፉ የተደፋው። «ገፍተውኝ ነው» ያለችውን ይዘው ጓደኛዋ ዘንድ ቢሄዱ፣ የጓደኛዋ ግንባር ላይ ጥርስ ገብቶ የወጣበት ቀይ ጉድጓድ አለ። ሁለቱ ሰኞ ጠዋት ተነፋፍቀው ሊተቃቀፉ ሲሮጡ ተላትመዋል። ምንም አላደረግሁም ብሎ ሽምጥጥ አድርጎ የካደ ሌላ ጎረምሳ ደግሞ፣ የአራት ዓመት ጎረምሳ፣ የቀለም ክዳን በጥርሱ ሲከፍት ሸርፎት ምላሱ ሰማያዊ ሆኖ ተያዘ።

ይህ ሁሉ ጥቁር ሽፋን ባለው ትልቅ መዝገብ ይጻፋል። ዕድሜ፣ የቱ ጥርስ፣ ምን ሆነ፣ ምክንያት። «ምን ሆነ» ለሚለው አራት ቃል ነው ያላቸው፤ የተሸረፈ፣ የተነቃነቀ፣ ከቦታው የዞረ፣ የወጣ። በእነዚህ በአራቱ ሃያ ሰባት ዓመት ኖረዋል፤ አምስተኛ አስፈልጓቸው አያውቅም። የቱ ጥርስ ለሚለውማ መጠየቅም አያስፈልግም፣ ሁልጊዜ የላይኞቹ ሁለቱ የፊት ጥርሶች ናቸው፣ ምስኪኖች። የሁለት ዓመቱ ልጅ ጭንቅላቱ ስለሚከብደው ሲወድቅ እጁ ቀድሞ አይደርስለትም፣ አፉ ይቀድማል። የአራት ዓመቱ እጁ ይደርስለታል፤ እሱ ግን መብረር እችላለሁ ብሎ ስለሚያምን እጁን ለክንፍ ይጠቀምበታል።

በመዝገቡ ሙሉ ሳይመረመር የተጻፈ ምክንያት አንድ ብቻ ነው። ገጽ አሥራ አንድ፣ ሴት፣ አምስት ዓመት፣ ከቦታው የዞረ። ምክንያት፦ «በሩ መታኝ አለች።» በቃ። ያቺ ልጅ ዛሬ የመዋዕለ ሕፃናቱ ዳይሬክተር ናት። እንዴት እሷን ሳይመረምሯት አለፏት ብሎ የጠየቀ የለም፤ እሳቸውም ያንን ገጽ ዳግመኛ ገልጠውት አያውቁም።

አሁን ወደ ጉዱ እንምጣ።

ረቡዕ ጠዋት የኮሪደሩ ወለል በሰም ይወለወላል። ረቡዕ ከሰዓት ዳይሬክተሯ ስብሰባ ትሄዳለች። እነዚህን ሁለት ነገሮች አንድ ቀን ላይ ያዋለው ማን እንደሆነ እግዜር ይወቀው፤ እትዬ መርማሪ አይደሉም። እሳቸው ያደረጉት ነገር ቢኖር፣ ልጆቹ ከቀን እንቅልፋቸው ሲነሡ ጫማቸውን ሳያደርጉ ካልሲያቸውን ብቻ እንዲያጠልቁ መንገር ነው። ከዚያ ኮሪደሩ ጫፍ፣ ጫማ መደርደሪያው ፊት፣ በቤቱ ያሉት ሁለት ወፋፍራም የመኝታ ፍራሾች ጎን ለጎን ይቆማሉ። ከዚያ ሰልፍ ነው። ከዚያ፣ አንድ በአንድ፣ ሽውውው!

ግድግዳው ላይ «መሮጥ፣ መዝለል፣ መንሸራተት በጥብቅ የተከለከለ ነው» የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። ጽሑፉ የእትዬ መርማሪ የእጅ ጽሑፍ ነው። በሥሩ ሽው ብለው የሚያልፉትም፣ ቀሚሳቸውን በአንድ እጅ ሰብስበው፣ እትዬ መርማሪ ናቸው፤ ሁልጊዜም ቀዳሚዋ እሳቸው ናቸው። አምስት ዓመት ሙሉ አንዲት ጥርስ አልተነካችም። ልጆቹ ደግሞ ምስጢር ሲጠብቁ! ቁርሱን ማን እንደደፋው የሚያሳብቅ ልጅ ሁሉ ስለ ረቡዕ ሲጠየቅ ድዳ ይሆናል።

ያን ረቡዕ ግን ከፍራሾቹ አንዱ የለም። አንዱ ልጅ ጉድ ሠርቶበት ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል። እትዬ መርማሪ ባዶውን ቦታ አይተዋል፣ አላየሁም ማለት አይችሉም። ልጆቹ ግን ተሰልፈዋል፣ ካልሲያቸውን ጎትተዋል፣ ሃያ ሁለት አፍ ተከፍቶ ይጠብቃቸዋል።

«አንድ ፍራሽ ይበቃል» አሉ። ቀሚሳቸውን ሰብስበው ሽው ብለው ሄዱና ፍራሹ ላይ አረፉ። ጭብጨባ ሆነ።

ቀጥሎ የመጣው ድንቢጥ ነው። ሦስት ዓመት ከመንፈቅ፣ ከሁሉም ትንሹ፣ ስሙን ያገኘውም በዚሁ ነው። እትዬ መርማሪ ከፍራሹ ላይ ገና እየተነሡ ነበር፤ ልጁ እሳቸውን እንዳይነካ ብሎ ዞረ፤ ዞሮ ፍራሽ በሌለበት በኩል ሄደና መደርደሪያውን በአፉ ገጨው።

«እኔን!»

ደሙን ሲጠርጉት ከላይኞቹ ጥርሶች የግራው የለም። በቦታው የደማ ድድ ብቻ። ሃያ ሰባት ዓመት የጥርስ ነገር ያየ ሰው እንደገና ማየት አያስፈልገውም፤ «ወጥቷል» አሉ። የወተት ጥርስ ከወጣ መልሶ እንደማይተከል ያውቃሉ። ግን ወድቆ መገኘት አለበት፤ ካልተገኘ ተውጧል፣ ወይም፣ አያድርገውና፣ በትንፋሹ ገብቷል።

ለእናትየው ስልክ ተደወለ። ፍለጋው ተጀመረ። ሃያ አንድ ልጅ በደረቱ ኮሪደሩን አሰሰ። ምግብ አብሳይዋ የቆሻሻ መጣያውን በወንፊት ነፋች። ዘበኛው መደርደሪያውን ነቅሎ ሥሩን አየ። ሁለት ቁልፍ፣ አንድ የጆሮ ጉትቻ፣ አምና የጠፋ የወላጆች ኮሚቴ ማኅተም ተገኘ። ጥርስ የለም።

ይህ ሁሉ ሲሆን ዳይሬክተሯ ከስብሰባ ደረሰች። ድንቢጥን እትዬ መርማሪ እቅፍ ውስጥ አየችው፣ ደሙን አየች፣ ከዚያ ቁልቁል ልጆቹን አየች። ሁሉም በካልሲ ናቸው።

«ምን ሆኖ ነው?»

ስድስት ዓመት የሞላት፣ ሁሉም «ጠበቃዋ» የሚላት ልጅ ወደ ፊት ወጣች። «መደርደሪያው ወደ እሱ መጣ።»

«ድመት አባርሮት ነው» አለ ሌላው።

«መጽሐፍ እያነበበ ነበር» አለች ፊደል ያልቆጠረች አንዲት ሚጢጢ።

«እትዬስ የት ነበሩ?»

«ተኝተው ነበር» አለች ጠበቃዋ፣ የጠቀመቻቸው መስሏት።

እትዬ መርማሪ ቆመው ሰሙ። ሃያ ሰባት ዓመት ውሸት ሲይዙ ኖረው እንዲህ ያለ ጥራት ያለው ውሸት አይተው አያውቁም፤ አንድም ዓይን አልተንቀጠቀጠ፣ አንድም ከንፈር አልተነከሰ። ሁሉም ለእሳቸው ነው። ልጅ ያስጎዳ ሠራተኛ በዚያው ቀን እንደሚሰናበት ደንቡ ላይ ተጽፏል፤ ደንቡን አንብበው የፈረሙትም እሳቸው ናቸው። ከተሰናበቱ የት ይሄዳሉ? ማታ ገብተው የሚተኙባት አንዲት ክፍል አለቻቸው። ኑሯቸው ግን እዚህ ነው፣ ከእነዚህ ከሃያ ሁለቱ አፎች ጋር። ፈሩ፤ እውነቱ ይህ ነው። ዳይሬክተሯ መዝገቡን አንሥታ ምክንያት በሚለው ሥር «ሲሮጥ» ብላ ስትጽፍም ዝም አሉ።

የድንቢጥ እናት ልብስ ሰፊ ናት። የመለኪያ ሜትሩን ከአንገቷ ሳታወርድ፣ መርፌ ደረቷ ላይ እንደሰካች ገባች። ልጇን ነጥቃ አፉን አየችና ጮኸች። «ጥርሱስ? ጥርሱ የታለ? ውጦት ቢሆን? አንቆት ቢሆን?»

ይሄኔ ዘበኛው ከጓሮ «ተገኘ! ተገኘ!» እያለ ሮጦ መጣ። መዳፉ ላይ አንዲት ንጹህ ነጭ ጥርስ። እናትየው እዚያው ወንበር ላይ ዘፍ አለች፣ «ተመስገን» አለች።

እትዬ መርማሪ ጥርሷን አንድ ጊዜ አዩና አወቋት። ቁም ሣጥናቸው ውስጥ የመድኃኒት ብልቃጥ አለ፤ የስድስት ዓመት ልጆች ጥርስ ጊዜው ደርሶ በራሱ ሲወድቅ ወላጅ እስኪወስደው የሚያስቀምጡበት። ዘበኛው ለእሳቸው አዝኖ ብልቃጡን ዳብሷል። ዓይኑን በኩራት ጠቀሳቸው። እዚያው ላይ «ይህ የሱ አይደለም» ማለት ነበረባቸው። «ሐኪሙ ጋ ስንደርስ እናገራለሁ» ብለው ራሳቸውን አታለሉ። ራሳቸውን ሲያታልሉ ደግሞ መርማሪ የለም።

የጥርስ ሐኪሙ ራሰ በራ፣ እጁ ቀስ የሚል ሰው ነው። ድንቢጥ እናቱ ጭን ላይ ተጋድሞ መብራቱን ቁልጭ ቁልጭ እያለ ያያል። ዳይሬክተሯ በሩ አጠገብ ቆማለች፣ እትዬ መርማሪ ከኋላዋ። እናትየው በለስላሳ ወረቀት የተጠቀለለችውን ጥርስ ሰጠችው። ሐኪሙ በመብራቱ አዟዟራት። ሳቀ።

«ይቺ የማን ናት?»

«የልጄ ናት እንጂ!»

«ሥሯ እኮ ሟሙቷል። በተፈጥሮዋ የወደቀች የትልቅ ልጅ ጥርስ ናት። የሦስት ዓመት ልጅ ጥርስ ተመትቶ ሲወጣ ረጅም ሥር ይኖረዋል።»

እትዬ መርማሪ ከዳይሬክተሯ ኋላ ወጡ። «ከብልቃጤ የወጣች ናት» አሉ። «ሳያት አውቄያታለሁ። ዝም አልኩ።»

እናትየው ፊቷ ነጣ። «እና የልጄስ? የልጄ ጥርስ የት ነው ያለው?»

ሐኪሙ ራጅ አነሣና ፊልሙን መስኮቱ ላይ አንሥቶ አሳያቸው። «እዚሁ ነው። የትም አልሄደም። ምቱ ወደ ላይ አስገብቶት ድዱ ውስጥ ተደብቋል።»

ኮሪደሩን በደረታቸው ያሰሱት ሃያ አንድ ልጆች፣ በወንፊት የተነፋው ቆሻሻ፣ የተነቀለው መደርደሪያ! ጥርሱ ሲፈለግ የዋለው እኮ እሳቸው ራሳቸው ታቅፈውት ነው። «የገባ» የሚል ቃል መዝገባቸው ውስጥ የለም። ሃያ ሰባት ዓመት አውቃለሁ ብለው፣ አንዴ ድዱን ጎንበስ ብለው ቢያዩ የሚታየው ነገር አመለጣቸው፤ ቸኩለው ነው፣ የቸኮሉትም ስለፈሩ ነው። ሰማይ ተደፋባቸው።

«እንግዲህ እንጠብቃለን» አለ ሐኪሙ። «አንነካውም። አብዛኛውን ጊዜ በወራት ውስጥ በራሱ ይወርዳል። ለስላሳ ምግብ ይብላ፣ በለስላሳ ብሩሽ ይጸዳ፣ ካበጠ ወይም ካተኮሰው አምጡልኝ። አንድ የምፈራው ነገር አለ፤ ከላይ የሚጠብቀው ቋሚ ጥርስ ተነክቶ ከሆነ፣ ስድስት ሰባት ዓመት ሲሞላው ሲወጣ ነጭ ነጥብ ይዞ ሊወጣ ይችላል።»

እትዬ መርማሪ ሳያስቡት ቀና ብለው ዳይሬክተሯን አዩ። ዳይሬክተሯ አፏን ገጠም አደረገች።

«እንዴት እንደተመታ ማወቅ አለብኝ» አለ ሐኪሙ፤ ወደ ልጁ ጎንበስ አለ። «ጎበዝ፣ ምን ሆነህ ነው?»

ድንቢጥ ያበጠ ከንፈሩን ላሰ። እትዬ መርማሪን አያቸው። አሰበ። ከዚያ እንደ ትልቅ ሰው ኮስተር ብሎ፦

«እትዬ አልተንሸራተቱም» አለ።

ስለ መንሸራተት የጠየቀ ሰው አልነበረም።

እናትየው ዘወር አለች። ዳይሬክተሯ ዘወር አለች። ሐኪሙ እንኳ መስታወቱን አስቀመጠ። ምስኪኑ ድንቢጥ ደግሞ ያበላሸው መስሎት ሊያስተካክል፣ «ፍራሽም አልነበረም» ብሎ ጨመረበት።

እትዬ መርማሪ ያ ሁሉ ልጅ ዋሽቶላቸው ዝም ማለት ችለው ነበር፤ ይህ አፉ የደማው ትንሽ ልጅ ሲዋሽላቸው ግን አልቻሉም። «ተንሸራትቻለሁ» አሉ። «ረቡዕ ረቡዕ ሁላችንም እንንሸራተታለን፤ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። ዛሬ አንዱ ፍራሽ እንደሌለ አይቻለሁ። አንድ ይበቃል አልኩ። ሲሮጥ አይደለም የወደቀው። እኔ ነኝ።»

እናትየው አንዴ ከጀመረች አላቆመችም። አንቱታውም ቀረ። «የልጅ ልጅ ሊኖርሽ የሚገባ ሴትዮ! በካልሲ! ልጄን!» አለች። ሁሉንም ሰሙት፤ እውነቷን ነው። በመጨረሻ ሲደክማት፣ «ይህ ጥርስ ካልወረደ እዚያ ቤት እንዳላይሽ» ብላ ልጇን አቅፋ ወጣች።

ዳይሬክተሯ ደንቡን አልጠቀሰችም። «ጥርሱ እስኪወርድ ኮሪደሩን አይረግጡም» አለች። «በር ላይ ከዘበኛው ጋር ይቀመጣሉ። ከዚያ በኋላ እናያለን።»

እትዬ መርማሪ በር ላይ ተቀመጡ። ዘበኛው ብልቃጥ ስለመዳበሱ በቀን ሦስት ጊዜ ይቅርታ ይጠይቃቸዋል፤ እሳቸውም በቀን ሦስት ጊዜ ይቆጡታል፤ እንዲያው ሥራ ሆነላቸው። ጠዋት ጠዋት የድንቢጥ እናት ልጇን ይዛ ትመጣለች፣ ሰላም ሳትል ትቆማለች። ድንቢጥ የላይ ከንፈሩን በጣቱ ገልጦ ያሳያቸዋል።

«አለ?»

«ገና ነው፣ የኔ ጌታ።»

አንድ ሳምንት ገና ነው። አራት ሳምንት ገና ነው። ረቡዕ ረቡዕ ልጆቹ በመስኮት ተንጠልጥለው ያዩዋቸዋል፤ ጠበቃዋ አንድ ቀን ካልሲዋን አውልቃ በመስኮቱ ብታውለበልብላቸው አለቀሱ። ስምንተኛው ሳምንት ላይ ተስፋቸው ተሟጠጠ፤ ቁም ሣጥናቸውን ባዶ አድርገው ብልቃጧን ለምግብ አብሳይዋ አስረከቡ።

በአሥራ አንደኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ድንቢጥ ከንፈሩን ገለጠ። እትዬ መርማሪ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። ድዱ ሥር ሩዝ የምታህል ነጭ ነገር ብቅ ብላለች። ጣታቸውን ዘርግተው ሳይነኳት መለሱት።

«አለ?» አለ ድንቢጥ።

እናትየው ጎንበስ ብላ አየች። ቀና አለች። ለመጀመሪያ ጊዜ «እንደምን አደሩ እትዬ» አለቻቸው።

ከሰዓት በኋላ ልጆቹ ሁሉ ከሄዱ በኋላ ዳይሬክተሯ ቢሮዋ አስጠራቻቸው። ጥቁሩ መዝገብ ጠረጴዛው ላይ አለ። የድንቢጥን ገጽ የገለጠች መስሏቸው ነበር፤ ያ በራሳቸው እጅ ተስተካክሏል፤ «የገባ» የሚለው አምስተኛ ቃል ከተጨመረ፣ «ሲሮጥ» የሚለው ከተሰረዘ ቆይቷል። የተገለጠው ገጽ አሥራ አንድ ነው።

«በሩ አልመታኝም» አለች ዳይሬክተሯ።

እትዬ መርማሪ ወንበሩን ያዙ።

«የዘበኛው ብስክሌት ነበር። እርስዎ ኮርቻው ላይ አስቀመጡኝና ከግቢው ቁልቁለት ላይ ገፋ አደረጉኝ። ያኔ አዲስ ሠራተኛ ነበሩ። እንዳያባርሩዎት ፈርቼ በሩ ነው አልኩ።» የላይ ከንፈሯን እንደ ድንቢጥ በጣቷ ገለጠች። የፊት ጥርሷ ላይ ነጭ ነጥብ አለ። «ይህች ከየት እንደመጣች ያውቃሉ አይደል?»

«ከወጣችበት ቀን ጀምሮ አውቃታለሁ» አሉ እትዬ መርማሪ። እንባቸው መነጽራቸውን ሞላው። «አንቺን ባየሁ ቁጥር መጀመሪያ የማያት እሷን ነው። ለምን ዝም አልሽኝ?»

«እንደዚያ ቀን ስቄ አላውቅማ።»

ቀይ እስክሪብቶ ሰጠቻቸው። እትዬ መርማሪ ሃያ ሰባት ዓመት ያልገለጡትን ገጽ ወደ ራሳቸው ሳቡ፤ «በሩ መታኝ አለች» የሚለውን በአንድ መስመር ሰረዙ፤ ሥሩ ላይ «ብስክሌት፤ የገፋኋት እኔ ነኝ» ብለው ጻፉ። ዳይሬክተሯ አነበበችው፣ መዝገቡን ዘጋችው።

«ነገ ረቡዕ ነው» አለች። «ስብሰባ የለኝም፤ እዚሁ ነው የምውለው። የተከለከለ ነገር ካየሁ ወዮልዎ።»

«አታዪም» አሉ እትዬ መርማሪ፣ ከልባቸው።

ዳይሬክተሯ ተነሥታ በሩን ከፈተች፤ ባዶውን ኮሪደር ወደ ግራ አየች፣ ወደ ቀኝ አየች። ከዚያ ተረከዝ ያላቸውን ጫማዎቿን አወለቀች።

«ዛሬ ግን ማክሰኞ ነው» አለች። «ፍራሾቹ ሁለቱም አሉ?»

እትዬ መርማሪ ፍራሾቹን ጎትተው መደርደሪያው ፊት አቆሙ፤ አንድ በአንድ ቆጥረው፣ በእጃቸው ገፍተው፣ መደርደሪያውን ሙሉ በሙሉ መሸፈናቸውን አረጋገጡ። «አሉ» አሉ፤ ቀሚሳቸውን ሰበሰቡ።